የቀትር ሯጭ

«ለየብርጓልም አይነገራት» አለ ታላቅ ወንድሟ አማረ ከስሱ የእንጨት ግድግዳ ወዲያ። «ሩጫ አለብኝ ብላለች፤ ትሩጥ። የመቅዲ ሠርግ ይለቅ፣ መልሱም ይለፍ፤ ከዚያ እናቴንም እሷንም በአንድ ቀን እናረዳለን። ይታያል እንደሆነ ተቀብሯል። ሦስት ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል።»

የብርጓል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ጎህ ገና መቅደዱ ነው፤ የኪዳን ደወል ከሩቅ ይሰማል። ክሩን አሰረችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አሰረችው። ይታያል የሁሉም ታናሽ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከመስቀል ወዲህ ከአገሩ ልጆች ጋር ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ቆላ የወረደ ወንድሟ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል፤ ስልኩም ከሆሣዕና ጀምሮ አይሠራም። እዚያ ኔትወርክ የለም ትላት ነበር ለእናቷ፤ እሷ ራሷም የምታምነው ያንኑ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የአማረ ሚስት ጥሩነሽ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። ከዚያ፣ የቤት ጣጣ መቼም ለሞትም ቦታ አይለቅምና፣ ቅቤውን ሙቀቱ ሳያበላሸው ወደ ጓዳ ያዛውሩት እንደሆነ ጠየቀችው።

ጓዳ የተባለው ይኸው የብርጓል የተቀመጠችበት ክፍል ነው። ከባሏ ተለያይታ ወደ ታላቅ ወንድሟ ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ የአማረ ልጅ የመቅዲ ሠርግ ከተቆረጠ ወዲህ አልጋዋ አንድ ጥግ ተገፍቶ የቀረውን ቦታ የጤፍ ጆንያ፣ ብቅልና ጌሾ፣ ተደራርበው የታሰሩ የኪራይ ወንበሮች ወርሰውታል። ቅቤው በኪሎ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የገባ ነው። የበሬውን ዋጋ አማረ ማንም ሳይጠይቀው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገራል። መርዶ የገባበት ቤት ደግሞ አይዘፈንበትም፤ ዛሬ ከተነገረ ድንኳኑ ለለቅሶ ይተከላል፣ ሠርጉ ዓመት ይገፋል፣ የወንድ ወገን ዓመት ይጠብቅ አይጠብቅ ማን ያውቃል። ይህን ሁሉ የብርጓል ክሩን እያሰረች ወንድሟን ሆና አሰበችው። አማረ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ግድግዳውን ደብድባ ጉድህ ተሰማ ትለው ነበር። አሁን ግን ብትጮህ ሰፈሩ ይሰማል፣ ከሰፈሩ ሙሽራዋ። ደግሞ ከዚህ ሁሉ በታች ሌላ የሚያሳፍር ሐሳብ ነበራት፦ እስካልጠየቀች ድረስ ይታያል ያልሞተ ይመስላታል።

ግቢ ስትወጣ አማረ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል። ዓመት ሙሉ ሲያሾፍባት የከረመ ሰው ነው፤ አህያ እንኳ ካልነዷት አትሮጥም፣ አንቺን ማን ነዳሽ እያለ። ዛሬ ግን የተቀቀለ ድንችና በሶ በፌስታል ይዞ፣ ባጃጅ ጠርቶ፣ ሒሳቡንም ከፍሎ ጠበቃት። ዓይኗን አላየም፤ ጫማዋን ነበር የሚያየው። ደግነቱ አስፈራት። እስከዚያች ደቂቃ ምናልባት በደንብ አልሰማሁ ይሆናል ይል የነበረው ልቧ ፌስታሉን ስትቀበል ቁርጡን አወቀ።

«በወይራ ምንጭ ነው አሉ መንገዱ» አላት። «በእናታችን በር።»

«አዎ።»

«እንግዲህ አትቁሚ። እሷንም ታስደነግጫታለሽ፣ አንቺንም ሰዓት ይቀድምሻል።»

«አልቆምም» አለች የብርጓል፤ ባጃጁም ተነሣ።

ሩጫው ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማው ዳር ይነሣና በእርሻ ማሳ መካከል፣ በገደል አፋፍ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ በወይራ ምንጭ በኩል ዳገቱን ይወጣና በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይመለሳል። አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከስምንት ሰዓት በፊት ያልደረሰ ከውድድሩ ይወጣና በመኪና ይጫናል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት የብርጓል፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ የጨረሰችው ትልቁ ሩጫ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም በአስፋልት። ይህንኛውን ዓመት ከሁለት ወር ተዘጋጅታበታለች። ሰው ምን ለማግኘት ብሎ እንዲህ ያለ መከራ ውስጥ ይገባል ቢሏት፣ ሌላ ሰው ያልሰጣትን አንድ ነገር ራሷ ጀምራ ራሷ ለመጨረስ ነበር፣ ይኸው ነው። ዛሬ ግን ጥይቱ ተተኩሶ ሰዉ ግር ብሎ ሲነሣ እሷን ያሮጣት ሌላ ነው። በእግሯ እናቷ በር ትደርሳለች። ትነግራታለች ወይስ አትነግራትም? ለመወሰን ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር አላት።

በመጀመሪያው ዳገት እነግራታለሁ አለች። እናት የልጇን ሞት ከበሬና ከቅቤ በኋላ ልትሰማ አይገባም፤ አፈር ሳታለብስ የቀረችው ሳያንስ፣ ሳታለቅስለት ልትጨፍር ነው፣ እልል ልትል ነው፤ በኋላ ይህን ስታውቅ ምን ይውጣታል? በቁልቁለቱ አልነግራትም አለች። እናቷ ወለተ ሐዋርያት ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ይዟቸዋል፤ ለሠርጉ ብላ አዲስ ቀሚስ አሰፍታለች። ሦስት ሳምንት የሰላም እንቅልፍ ብትተኛ ማን ይጎዳል? አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ጠጣች፣ ድንቹን አወጣችና መልሳ ከተተችው። አብረዋት የተነሡት ሁለት ሴቶች አንዷ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ተቀመጠች፣ አንዷ ቀድማት ሄደች። አራት ሰዓት ሲሆን የብርጓል የሩጫው የመጨረሻ ሰው ሆነች። ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም፤ የገደሉ ድንጋይ ከሥር ይፋጃል፣ ፀሐዩ ከላይ።

ኮቴውን የሰማችው ቁልቁለቱን ስትጀምር ነው። ከኋላዋ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሰው ይሮጣል። ደስ አላት፤ ለካ የመጨረሻዋ እኔ አይደለሁም አለች። ትንሽ ቆይታ ይለፈኝ ብላ ወደ ዳር ወጣች፤ ማንም አላለፋትም። ኮቴው ቆሞ ነበር። ስትነሣ ተነሣ። የገደል ማሚቶ ነው ብላ ራሷን አረጋጋች፤ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ገደሉ ይመልሰዋል። ግን ማሚቶ ከሆነ ከእግሯ እኩል መምጣት ነበረበት፤ ይህ ግን ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ይታያል በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ እግሩን ያነክስ ነበር፤ በደንብ ለሚያውቀው ካልሆነ የማይታይ፣ ለሚሰማው ግን የሚሰማ። የብርጓል ወደ ኋላ አልዞረችም። የማርቆስ ከተማ ነዋሪ ናት፣ ደብዳቤ በኮምፒዩተር የምትመዘግብ ሰው ናት፣ በእንዲህ ያለ ነገር አታምንም፤ አላምንም እያለች አንገቷ ደረቀ እንጂ አልዞረም። «ይታያል» ብላ ልትጠራው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የጠሩት ሰው አቤት ቢልስ ብላ ዋጠችው።

ወንዙ ዳር በአንድ ሾላ ሥር የውሃ ጣቢያ አለ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ የታሸገ ውሃና የተቆረጠ ብርቱካን። የሚያድለው አበረ የሚባል ወጣት መምህር ነው፤ በበጎ ፈቃድ ከጧት ጀምሮ ቆሞ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አይዞሽ እታለም፣ ከግማሽ በላይ ጨርሰሻል አላት። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። በልጅነታቸው እናታቸው በዚህ ሰዓት ወንዝ አትውረዱ ትላቸው ነበር፤ ቀትር የራሱ ባለቤት አለው፣ የሰው ሰዓት አይደለም እያለች። አበረ አንድ የውሃ ኮዳ ሰጣት፤ ያንን ተቀብላ ስትከፍት ሁለተኛ ኮዳ ዘረጋላት።

«ይህን ለጓደኛሽ ያዥለት።»

«ለየትኛው ጓደኛዬ?»

አበረ በትከሻዋ አሳልፎ ወደ ቁልቁለቱ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የሯጮቹን ቁጥር በጣቱ ቆጠረ፤ ያለፉት ሁሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ ያቋረጡትም እንዲሁ፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሰው ያየሁ መስሎኝ ነበር፣ ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል አላት፤ ሁለተኛውን ኮዳ ግን መልሶ ወደ ሣጥኑ አልከተተውም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ለሚመጣ ሰው እንደሚያስቀምጡ አድርጎ አስቀመጠው። የብርጓል አመሰገነችውና ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የያዘችው የቁጥር ወረቀት ውሃ ሲነካው ተቀደደ፤ ሊይዘው የሞከረ እጇን አልፎ ከወንዙ ጋር ሄደ። ወዲያ ማዶ ስትወጣ ከኋላዋ የተሻገረ ኮቴ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ያን ሁሉ መንገድ ያስፈራት ነገር ከወንዙ ወዲያ ሲቀር ብቻዋን የቀረች መሰላት፤ ከጧት ጀምሮ ታንቆ የቆየው እንባ መጣ። ለማልቀስ ደግሞ አልቆመችም። ስትሮጥ እያለቀሰች፣ ስታለቅስ እየሮጠች የወይራ ምንጭን ዳገት ያዘች።

በዚያ አገር ቀትር ላይ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ጧት ሯጮቹ በቡድን በቡድን ሲያልፉ የወይራ ምንጭ ሰው ወጥቶ አጨብጭቦላቸዋል፤ ቁጥራቸውን አይቷል፣ ከፊት የሚመራቸውን ሞተር ብስክሌት አይቷል። ካለፉ ቆይተዋል፤ ሩጫው አብቅቷል ብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቷል። አሁን ከወንዙ የምትመጣው አንዲት ሴት ናት፤ ቁጥር የላትም፣ እስከ ወገቧ ርሳለች፣ አቧራው ፊቷ ላይ ተለስኗል፣ ታለቅሳለች። ከዚህ መንደር ደግሞ ሰባት ቤት ሰባት ወንድ ልጅ ወደ ወርቁ ቆላ ልኳል። ሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ጉድጓድ ተንዷል የሚል ወሬ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

የብርጓል ይህን ያወቀችው መንደሩ ዝም ሲል ነው። መጀመሪያ የሚወቀጥ ነገር ድምፅ ነበር፤ ቆመ። ቀጥሎ ከአንድ አጥር ውስጥ የሚያወሩ ሴቶች ዝም አሉ። መንገዱ መንደሩን እንደ ክር ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ በግራም በቀኝም አጥርና በር። በየበሩ ሴቶች ወጥተው ቆመዋል። ማንም ወዴት ነሽ አላላትም። በወይራ ምንጭ ልማድ መርዶ ይዞ የሚሮጥን ሰው መጠየቅ ነውር ነው፤ የሚቆምበትን በር እስኪያገኝ ይለቁታል፤ በራቸውን ሲያልፍ ደግሞ ይከተሉታል፣ ባለ ሐዘኗ ብቻዋን እንዳትሰማው። የብርጓል ወደ መጀመሪያው በር ስትቀርብ የቆመችው ሴት መቃኑን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች። ስታልፋት ሴትዮዋ እጇን ከመቃኑ ለቀቀች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወጣች። በሁለተኛው በር እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። ወደ ኋላ ስትዞር፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት አልዞር ያለ አንገቷ ያን ጊዜ ዞረ፣ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ በእርምጃ ይከተሏታል። ሩጫዋ ደክሞ ስለነበር በእርምጃ ይደርሱባት ነበር። ቆማ ሯጭ ነኝ፣ የውድድር ነው፣ ተመለሱ ልትላቸው አፏን ከፈተች። ግን ምን ልትላቸው ነው? መርዶ አልያዝኩም ልትል ነው?

በአምስተኛው በር እስከዳር ቆማለች። እስከዳር የእናቷ ጎረቤት ናት፤ የሷም ልጅ ከይታያል ጋር ነው የሄደው። ከዚህ ሁሉ ሰው ያወቀቻት እሷ ብቻ ናት። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የብርጓል በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም፦ መጀመሪያ ፍርሃት፣ ቀጥሎ ማወቅ፣ ቀጥሎ ደግሞ እረፍት። የኔ አይደለም የሚል እረፍት። ከዚያ እስከዳር በገዛ ደስታዋ ደነገጠች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘችና አንገቷን ወደሚቀጥለው በር አዞረች።

የሚቀጥለው በር የወለተ ሐዋርያት ነው። አጥሩ ለሠርጉ መልስ ተብሎ አዲስ ታጥሯል፤ ደጁ ተጠርጓል። እናቷ መሐል በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇን ከግንባሯ በላይ ጋርዳ፣ ሞራ የለበሱ ዓይኖቿን አጥብባ በመንገዱ የሚመጣውን ጥላ ትመለከታለች። ልጇን ሱሪ ለብሳ፣ ቆብ ደፍታ አይታት አታውቅም። የብርጓል ያን ጊዜ ወሰነች። አልቆምም አለች። ሦስት ሳምንት ትተኛ፤ አዲሱን ቀሚሷን ትልበስ፤ ይህን የምነግራት እኔ አይደለሁም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እግሯ ከየት እንዳመጣው የማታውቀውን ጉልበት አግኝቶ፣ በእናቷ ፊት በሁለት ክንድ ርቀት አለፈች። የቀሚሷ ሽታ፣ የእንጨት ጭስና የአዲስ ጨርቅ፣ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለች እናቷ ከኋላዋ። «አለፍሽኝ። እግርሽ ይባረክ።»

የብርጓል ሮጠች። ምርቃቱ ጀርባዋ ላይ እንደ ድንጋይ አረፈ። ከኋላዋ የእናቷ በር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ወለተ ሐዋርያት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጥታለች። ያች ሞራ የያዛት አሮጊት ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀላቅላ፣ ባልታወቀው በር ለሌላ እናት ልጅ ልታለቅስ መከተል ጀምራለች። ሌሎቹ ግን ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። እስከዳር ለአንዷ ነግራ፣ አንዷ ለሌላዋ ነግራ፣ አሁን ከእናቷ በቀር የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። አርባኛው ኪሎ ሜትር ስድስት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ ዳገቱን ሳትቆም ከገፋችው ትደርሳለች፤ ሩጫዋን ትጨርሳለች፤ ማንም አይወቅሳትም። ከፊቷ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቁጥቋጦ መንገዱን ያሳያል። ከቁጥቋጦው ወዲያ የታረሰ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ባዶ ኮረብታ ነው።

እናቷ ከሁሉም ቀድማ ስትራመድ ተሰማት። ከዚያ ቆመች። ሴቶቹም ቆሙ።

«ልጄ» አለች ወለተ ሐዋርያት፤ ቀስ ብላ፣ መንገድ የሳተ ሰው እንደምትመልስ። «ከኔ ወዲያ እኮ ቤት የለም።»

የብርጓል ቆመች። ማሳውን አየች፣ ኮረብታውን አየች። ከዚያ ቆቧን አውልቃ ወደ ኋላ ዞረች።

«እማዬ» አለች።